ሶሻሊዝምና ካፒታሊዝም፦ ከጎንደር ማሳ እስከ ኾባር ዳርቻ

ኾባር፦ ጁምዓ ማታ ከዒሻእ ሶላት በኋላ የኾባር ኮርኒሽ በሰው ይሞላል። ቤተሰቦች በሣሩ ላይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ሕፃናት በብስክሌት ይሯሯጣሉ፤ ከባሕረ ሰላጤው የሚነሣው እርጥብ ነፋስ የቀኑን ሙቀት ያበርዳል። በዚህ ሕዝብ መካከል የሳምንቱን ሥራ ጨርሰው አንድ ማታ ያረፉ ኢትዮጵያውያን በየቡድናቸው ተቀምጠው ከቤት በፔርሙዝ ያመጡትን ቡና ይቀዳሉ። ጨዋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማ እድሳት፣ ስለ ብር ምንዛሬና በአገር ቤት ስለተጀመረ ቤት ነው።

በአንዱ ጁምዓ ግን ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ። በደማም መጋዘን ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት፣ «አገራችንን ያደኸያት ሶሻሊዝም ነው፤ የአባቶቻችን እጅ ከንግድ ባይታሰር ኖሮ እኛ ባሕር አንሻገርም ነበር» አለ። በግንባታ ሥራ የሚተዳደረው ጓደኛው አልተቀበለውም። «እኔ ስወለድ ደርግ ሄዷል። እኔን ያሰደደኝ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ነው። ይህ ደግሞ ገበያው ያመጣው ነው» ሲል መለሰ።

ለዑምራ መጥተው ልጃቸው ዘንድ ያረፉ፣ ከጎንደር አካባቢ የሆኑ አንድ አዛውንት ክርክሩን ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ወጣቶቹ ወደ እርሳቸው ዞረው፣ «ሐጂ፣ እርስዎ ሁለቱንም ዘመን ኖረውበታል፤ እስቲ ይፍረዱን፤ የትኛው ይሻላል?» ብለው ጠየቋቸው። አዛውንቱ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አንደኛው ለአባቴ መሬት ሰጠው፤ የእኔን ንግድ ግን አሠረብኝ። ሁለተኛው ንግዴን ፈታልኝ፤ ልጆቼን ግን በተነብኝ» አሉ።

በዚህ አጭር መልስ ውስጥ የኢትዮጵያ የግማሽ ምዕት ዓመት ታሪክ አለ። ስለ ሁለቱ ሥርዓቶች ብዙ የተጻፈ ቢሆንም፣ ጥቅማቸውና ጉዳታቸው በግልጽ የሚታየው በእንደዚህ ያለ ቤተሰብ ኑሮ ላይ ነው።

ሁለቱ አስተሳሰቦች የሚለያዩበት ነጥብ

ማንኛውም ኅብረተሰብ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። መሬቱ፣ ፋብሪካውና ባንኩ የማን ይሁን? ምን ይመረት፣ በምን ዋጋስ ይሸጥ የሚለውን ማን ይወስን? የተገኘው ትርፍስ እንዴት ይከፋፈል?

ካፒታሊዝም ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ ወደ ግለሰቡና ወደ ገበያው ያመራል። የስኮትላንዱ ሊቅ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ያስረዳው ዋና ሐሳብ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጥቅም ሲፈልግ ሳያስበው የሌላውንም ፍላጎት እንደሚያሟላ ነው። በኾባር መንገድ ዳር ያለች አንዲት ቡፊያ ለዚህ በቂ ምሳሌ ናት። ባለቤቱ ከንጋት በፊት ተነሥቶ ሻይና ሳንድዊች የሚያዘጋጀው ማንም አዝዞት አይደለም። ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲሄድ እንደሚርበው ስለሚያውቅ፣ ከዚያም ሪያል ስለሚያገኝ ነው። ዋጋ ቢያበዛ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ቡፊያ ይሄዳል፤ ስለዚህ ፉክክሩ ይገራዋል።

ሶሻሊዝም የተነሣው ይህ ሥርዓት የፈጠረውን መከራ አይቶ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሕፃናት ሳይቀሩ ረጅም ሰዓት ይሠሩ ነበር። ካርል ማርክስ ከፍሬድሪክ ኤንግልስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1848 የኮሙኒስት ማኒፌስቶን፣ በ1867 ደግሞ የ«ካፒታል»ን የመጀመሪያ ቅጽ ሲያወጣ፣ የክርክሩ መሠረት ሠራተኛው ከሚያመርተው ዋጋ የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው፤ ቀሪው ወደ ባለሀብቱ ይሄዳል የሚል ነበር። መፍትሔ ያለውም የማምረቻ መሣሪያዎች የጋራ እንዲሆኑ ነው።

አንደኛው ወገን ነፃነትንና ትጋትን፣ ሌላው እኩልነትንና ዋስትናን ያስቀድማል። ሰው ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ ያልተቋጨው በዚህ ምክንያት ነው።

መሬት ላራሹ

የአዛውንቱ አባት ሸማኔ ነበሩ። ሸማኔ የሆኑት መርጠው አልነበረም። በሰሜን ኢትዮጵያ የርስት አገር በብዙ ቦታ ሙስሊሞች ከርስት ባለቤትነት የተገለሉ ስለነበሩ፣ ኑሯቸውን የመሠረቱት በንግድ፣ በሽመናና በሌላ የእጅ ሥራ ላይ ነው። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ፣ ከምርቱ ሲሶውን አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይገብር ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ይህን ሥርዓት በመቃወም ነበር።

ሙስሊሞችም የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ የሃይማኖት እኩልነት፣ የበዓላት እውቅናና የመሬት ባለቤትነት መብት ተጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ ኅብረተሰብአዊነትን እንደምትከተል ታወጀ። በዚያው ዓመት ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የመጡት አዋጆች በፍጥነት ተከታተሉ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የመድን ኩባንያዎች፣ በጥር ወር 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች የመንግሥት ሆኑ። የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከሁሉ ይልቅ የሕዝቡን ኑሮ የለወጠ ነበር። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የጭሰኝነት ግዴታ ተሻረ፤ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ የማረስ መብት አገኘ። የአዛውንቱ አባት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «የእኔ» የሚሉት ማሳ ያገኙት በዚያ አዋጅ ነው።

ይህ የሶሻሊዝም ትልቁ ምግባር ተደርጎ ሊቆጠር ይገባዋል። ለዘመናት በዘርና በሃይማኖት ተከልሎ የነበረው መሬት በአንድ ቀን አዋጅ ለሁሉም ተከፈተ። ገበያ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ገበያ የሚያገለግለው ገንዘብ ይዞ የመጣውን ነው፤ ጭሰኛው ደግሞ የሚከፍለው አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እንዲሁ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጠረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የድኻውን የቤት ኪራይ ቀነሰ። ዛሬ ከደመወዙ ግማሹን ለኪራይ የሚከፍል የአዲስ አበባ ነዋሪ ያንን የቀበሌ ቤት ዘመን የሚናፍቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዋጋ ሲታሰር

አዛውንቱ አድገው ትዳር ሲይዙ ፊታቸውን ወደ እህል ንግድ አዞሩ። የአጎታቸውን በቅሎዎች ተውሰው ከገጠር ገበያ እህል እየገዙ ወደ ከተማ ያመጡ ነበር። ንግዱ ግን ብዙም አልሄደም።

በ1968 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የግል ባለሀብትን አጥር ውስጥ አስገብቶት ነበር። የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200 ሺህ ብር፣ የጅምላ ነጋዴ ከ300 ሺህ ብር፣ የኢንዱስትሪ ባለቤት ከ500 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚያው ጊዜ አካባቢ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በመንግሥት በተተመነ ዋጋ እህል ይገዛ ጀመር። ገበሬው ኮታ ተጣለበት፤ ነጋዴውም ከገዛው እህል ከፊሉን ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ተገደደ። በየመንገዱ የቆሙ ኬላዎች እህል ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው በነፃነት እንዳይሄድ አገዱ።

«አንድ ኩንታል ገዝቼ ኬላ እስክደርስ የእኔ ነው፤ ኬላ ከደረስሁ በኋላ የማን እንደሆነ አላውቅም» ይላሉ አዛውንቱ። ጥቂት ዓመታት ታግለው ንግዱን ተዉትና ወደ አባታቸው ማሳ ተመለሱ።

ጉዳቱ ከነጋዴው ኪስ በላይ ነበር። በገበያ ላይ ያለ ዋጋ መልእክተኛ ነው። በአንድ አውራጃ ዝናብ ሲቀር እዚያ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ይህን የሰማ ነጋዴ ትርፍ ካለበት አገር ጭኖ ይገሰግሳል። ነጋዴው የሚሄደው ለትርፍ ቢሆንም እህሉ የሚደርሰው ለተራበው ነው። ዋጋ በአዋጅ ሲታሰርና መንገድ በኬላ ሲዘጋ መልእክተኛው ይታሠራል። ገበሬውም ለኮታ የሚያስረክበው እህል ወጪውን የማይመልስለት ከሆነ፣ ለራሱ ከሚበቃው በላይ ለማምረት አይተጋም። በ1977 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው ከባድ ረሃብ የድርቅና የጦርነት ውጤት ቢሆንም፣ ይህ የታሰረ ገበያ እጁ አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ረሃቡን ተከትሎ የመጡት የሠፈራና የመንደር ምሥረታ ዘመቻዎች ደግሞ ሰውን ከቀዬው ያለ ፈቃዱ አነሡ።

እዚህ ላይ የሶሻሊዝም ሁለተኛው ጉድለት ይታያል። ሀብትና ውሳኔ ሁሉ በመንግሥት እጅ ሲሰበሰብ፣ መንግሥት የሚሳሳተው ስሕተት የሁሉም ስሕተት ይሆናል። አንድ ነጋዴ ቢሳሳት ይከስራል፤ ጎረቤቱ ግን ይተርፋል። የዕቅድ መሥሪያ ቤት ሲሳሳት የሚተርፍ የለም። ሠራተኛውም ከበደለው አሠሪ ሸሽቶ የሚሄድበት ሌላ አሠሪ አያገኝም።

መሪዎቹም ይህን ዘግይተው አመኑ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ቅይጥ ኢኮኖሚ»ን አወጁ፤ የእህል ኮታ ቀረ፤ ንግዱ ተፈታ። ገበሬዎች በየቦታው የአምራች ማኅበራትን በጥቂት ወራት ውስጥ አፈረሱ፤ ወደ ቀድሞ መንደራቸውም ተመለሱ። በሌላው ዓለምም ነፋሱ ዞሮ ነበር። ቻይና ከ1978 ጀምሮ የጋራ እርሻውን ለቤተሰብ ማከፋፈል ጀምራለች፤ ቬትናም በ1986 ገበያዋን ከፍታለች፤ ሶቪየት ኅብረትም በ1991 ፈረሰች።

ገበያው ሲከፈት

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አዛውንቱ ወደ ንግዳቸው ተመለሱ፤ በከተማ ዳር አንዲት የእህል ሱቅ ከፈቱ። የሚወዱትን ሠሩ፤ ልጆቻቸውን አስተማሩ። የግል ባንክ እንዲቋቋም የሚፈቅደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። ብዙ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል ዞሩ። መሬት ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀረ፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ኢትዮጵያ ካፒታሊዝምን ስትቀበል የሶሻሊዝምን ትልቁን ምሰሶ አልነቀለችም።

የገበያው በረከት በዓይን የሚታይ ነው። በሱቅ ውስጥ ቀድሞ ያልነበረ ዕቃ ሞላ፤ ስኳርና ሳሙና ለመግዛት በቀበሌ ሱቅ መሰለፍ ቀረ፤ የተጋ ሰው ሀብት አፈራ። ነገር ግን ገበያ ሁሉንም እኩል አይጠራም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1992 አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ከፍ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። በኾባር ሪያል የሚልክ ሰው ቤተሰቡ ብዙ ብር ሲቀበል ደስ ይለዋል፤ በውጭ ምንዛሬ የሚላክለት ዘመድ የሌለው ጎረቤት ግን በዚያው ብር ዘይትና ዱቄት በተወደደ ዋጋ ይገዛል። ያው ለውጥ ለአንዱ ሲሳይ ለሌላው ፈተና ነው።

ካፒታሊዝም በትልልቆቹ አገሮችም ቢሆን በየጊዜው ይሰናከላል። እ.ኤ.አ. በ1929 በተጀመረው ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ምክንያት በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥቶ ነበር። በ2008 ደግሞ በቤት ብድርና በወለድ ላይ የተቆለለው ሀብት ሲናድ መዘዙ ለመላው ዓለም ተረፈ፤ ባንኮቹን ያዳነው በገበያ ጣልቃ አይግባ ሲባል የነበረው መንግሥት ነው።

ለስደተኛው ይበልጥ የሚቀርበው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ገበያ የሰውን ጉልበትም እንደ ዕቃ ዋጋ ያወጣለታል። በአገር ቤት ሥራ ሲጠፋ ጉልበት ዋጋ ወዳለበት ይፈስሳል። የአዛውንቱ አራት ልጆች ዛሬ በሦስት አገሮች ይኖራሉ። «ሱቁን የማወርሰው ሰው የለኝም» የሚሉት በምሬት ሳይሆን የሆነውን ለመንገር ብቻ ነው።

ኾባር የምታሳየው ሌላ መንገድ

ክርክሩ የተካሄደበት ቦታ ራሱ ስለ ጉዳዩ የሚናገረው አለ። ኾባር ከመቶ ዓመት በፊት ዓሣ አጥማጆችና ዕንቁ ፈላጊዎች የሠፈሩባት ትንሽ የባሕር ዳር መንደር ነበረች። ዕጣዋ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1933 የሳዑዲ መንግሥት ከካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ጋር የነዳጅ ፍለጋ ውል ከተፈራረመ በኋላ ነው። በአቅራቢያዋ ባለው ዳህራን የተቆፈረው ደማም ቁጥር 7 ጉድጓድ በመጋቢት 1938 በንግድ መጠን ነዳጅ ሰጠ። በግንቦት 1939 የመጀመሪያው መርከብ ድፍድፍ ነዳጅ ጭኖ ከራስ ተኑራ ተነሣ።

ነዳጁን ያገኘው የውጭ የግል ካፒታልና ዕውቀት ነው። ገንዘቡን ለኪሳራ አጋልጦ ለዓመታት ያለ ውጤት የቆፈረ ኩባንያ ባይኖር ኖሮ ሀብቱ ከመሬት በታች በቆየ ነበር። ይህ የካፒታሊዝም ብርታት ነው። ነገር ግን የአገሩ ሕዝብ ድርሻ በገበያ ብቻ አልተወሰነም። በ1950 መጨረሻ የትርፍ እኩል ክፍፍል ስምምነት ተደረገ። መንግሥት በ1973 ከአራምኮ ሀብት 25 በመቶ፣ በ1974 ደግሞ 60 በመቶ ያዘ፤ በ1980 ሙሉ በሙሉ የራሱ አደረገ። ይህ ሁሉ የሆነው በድርድርና በክፍያ እንጂ በድንገተኛ ንጥቂያ ስላልነበረ፣ ባለሙያዎቹም ቴክኖሎጂውም ጥለው አልሄዱም። በኢትዮጵያ በ1967 ዓ.ም. ከሆነው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ጉልህ ነው።

ከዚያም መንግሥት የነዳጁን ገቢ ወደ መንገድ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሆስፒታልና እንደ ጁበይል ወዳሉ የኢንዱስትሪ ከተሞች አዞረው። ለዜጎች ወለድ የሌለው የቤት ብድር የሚሰጥ ፈንድ በ1974 ተቋቋመ። በሌላ በኩል የኾባር ሱቆች፣ ሆቴሎችና የግንባታ ድርጅቶች በግል ባለቤቶች እጅ ናቸው። በታኅሣሥ 2019 ደግሞ ከአራምኮ 1.5 በመቶ ድርሻ አንዱ በ32 ሪያል ሒሳብ ለሕዝብ ተሸጠ። በ1992 የወጣው የመንግሥቱ መሠረታዊ ሕግ በምድር ውስጥና በባሕር ያለው የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥት ነው ይላል፤ ሀብትን፣ ካፒታልንና ጉልበትን ደግሞ ማኅበራዊ ተግባር ያላቸው የግል መብቶች አድርጎ ይደነግጋል።

ይህ መንገድም ያለ ችግር አይደለም። በአንድ ሸቀጥ ላይ የቆመ ኢኮኖሚ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ይናጋል። በሚያዝያ 2016 የታወጀው ራዕይ 2030 ኢኮኖሚውን ከነዳጅ ጥገኝነት ለማላቀቅ የታቀደ ነው። በ2018 በ5 በመቶ የተጀመረው የተጨማሪ እሴት ታክስ በ2020 ወደ 15 በመቶ ማደጉን በኾባር የሚሸምት ሠራተኛ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ሸሪዓዊው ሚዛን

ኢስላም ከሁለቱ ሥርዓቶች በፊት የነበረ በመሆኑ ከአንደኛው ተቀድቷል ሊባል አይችልም። ቢሆንም ሁለቱ የሚጣሉባቸውን ጥያቄዎች ሁሉ የፊቅህ ሊቃውንት መርምረዋቸዋል።

ኢስላም የግል ሀብትን ያከብራል፤ ንግድን ሐላል ያደርጋል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ዋጋ እንዲተምኑላቸው ጠይቀዋቸው እንዳልተቀበሉ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የተዘገበ ሐዲስ ያስረዳል። ዋጋን የሚያወጣና የሚያወርድ አላህ መሆኑን ገልጸው፣ ማንንም በገንዘቡ በድለው ጌታቸውን መገናኘት እንደማይፈልጉ ተናገሩ። የጎንደሩ አዛውንት በኬላው ላይ የደረሰባቸው በዚህ ሚዛን ሲታይ በደል ነው።

ሆኖም ገበያው ያለ ጠባቂ አልተለቀቀም። እህል አከማችቶ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ማጭበርበርና ወለድ ተከልክለዋል። ኢብን ተይሚያ ስለ ሒስባ በጻፉት መጽሐፍ፣ ነጋዴዎች ተመሳጥረው ሕዝብ የሚፈልገውን ዕቃ በበደል ዋጋ ካልሆነ አንሸጥም ካሉ ሹሙ በሚገባው ዋጋ እንዲሸጡ ሊያስገድዳቸው እንደሚችል አስረድተዋል። ስለዚህ ዋጋን መልቀቅ መነሻው፣ ጣልቃ መግባት ደግሞ በደል ሲታይ የሚመጣ ልዩ ሁኔታ ነው።

የጋራ ሀብትም ስፍራ አለው። በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ሰዎች ተጋሪዎች መሆናቸው በሐዲስ ተነግሯል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ኢራቅ በተያዘች ጊዜ ለምለሙን የሰዋድ መሬት ለዘማቾቹ ሳያከፋፍሉ፣ ግብሩ ለአሁኑም ለሚመጣውም ትውልድ እንዲሆን አቆዩት። ዑሥማን (ረ.ዐ.) በበኩላቸው በመዲና የሩማን የውሃ ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሕዝብ ሰጡ። አንደኛው በመንግሥት ውሳኔ፣ ሌላው በባለሀብት ልግስና ወደ ጋራ ጥቅም ደረሱ።

ሀብት በሀብታሞች መካከል ብቻ እንዳይዘዋወር በሱረቱል ሐሽር የተሰጠው መመሪያም በተግባር የሚገለጠው በዘካ፣ በውርስና በወቅፍ ነው። ዘካ እንደ ሶሻሊዝሙ ሀብትን አይወርስም፤ እንደ ካፒታሊዝሙም ለባለጸጋው ፈቃድ ብቻ አይተወውም። ኒሳብ የሞላ ገንዘብ ዓመት ሲዞርበት 2.5 በመቶው የድኻው ሐቅ ነው። በኢትዮጵያም ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ሲጠየቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዘምዘም ባንክና ሒጅራ ባንክ ሥራ መጀመራቸው ወለድን ሸሽቶ ገንዘቡን በቤት ያስቀምጥ ለነበረው ሙስሊም ነጋዴ በር ከፍቷል።

መርሁ መልካም ስለሆነ ብቻ ግን ውጤቱ አይመጣም። በሙስሊም አገሮችም ዘካ የማይወጣበት ሀብት፣ የሚጓደል ደመወዝና በስም ብቻ የተለወጠ ወለድ አለ። ሚዛኑ ለሰው ተሰጥቷል፤ በትክክል መመዘን የሰው ፋንታ ነው።

የስደተኛው ሒሳብ

ይህ ሁሉ በኾባርና በደማም ለሚሠራ ሰው ምን ይፈይዳል? በመጀመሪያ ደረጃ፣ ገበያ ጉልበቱን በሚገባው ዋጋ እንዲገዛው ሕግ እንደሚያስፈልግ ያሳየዋል። መጋቢት 14 ቀን 2021 በሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የሥራ ገበያ ማሻሻያ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ ከፊሉ ፈቃድ ሥራ እንዲለውጥ ፈቅዶለታል። የቤት ሠራተኞች፣ የግል ሾፌሮች፣ እረኞች፣ አትክልተኞችና ገበሬዎች ግን በዚህ ማሻሻያ አልተካተቱም። ማንኛውም ሠራተኛ ውሉ በየትኛው ደንብ ሥር እንደሆነ አስቀድሞ ማወቁ ከብዙ ጉዳት ያድነዋል። ሠራተኛው ደመወዙን ላቡ ሳይደርቅ እንዲቀበል የሚያዘው የታወቀው ነቢያዊ ትምህርት ለአሠሪ ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የተጠራቀመው ገንዘብ ነው። ስደተኛው በላቡ ያገኘውን ሪያል ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ የሚገባው ወደ ቅይጥ ሥርዓት ነው። የእርሻ መሬት መግዛት አይችልም፤ የከተማ ቦታ የሚያገኘው በሊዝ ነው፤ ንግድ ግን ክፍት ነው። ብር ሆኖ የተቀመጠ ቁጠባ በዋጋ ንረት ይበላል። ስለዚህ ብዙዎች ቤት በመሥራት ብቻ ሀብታቸውን ያስራሉ፤ ቤቱም ተሠርቶ ሰው አይኖርበትም።

ኢትዮጵያውያን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አላቸው። ዕቁብ ያለ ወለድ ካፒታል ያሰባስባል፤ ዕድር በሞትና በችግር ጊዜ ዋስ ይሆናል። አንደኛው የተጋን ሰው ያስነሣል፤ ሌላው የወደቀን ይደግፋል። በኾባርና በደማም ያሉ ኢትዮጵያውያንም ሁለቱንም ይዘው ተሰድደዋል። ከዕቁብ አንድ እርምጃ አልፈው በሸርክና ማለት ትርፍንም ኪሳራንም ተጋርተው፣ በአገር ቤት ለሰው ሥራ የሚፈጥር ነገር ማቋቋም የሚቀጥለው ደረጃ ሊሆን ይችላል። በሽርክና የሚገባ ሰው ግን ወንድሜ ነው ብሎ ውል ሳይጽፍ መቅረት የለበትም፤ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ የወረደው ዕዳን ስለ መጻፍ መሆኑ ይታወቃል።

በዚያች ሌሊት በኾባር ዳርቻ የነበረው ክርክር የተቋጨውም ወደዚህ ነገር በመምጣት ነው። የአዛውንቱ ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የዱቄት ወፍጮ ለማቆም እንዳሰቡ ለአባቱ ነገረ። አባትየው ስለ ወፍጮው ዋጋና ስለ መብራቱ ጠየቁ። ቀጥለውም፣ «ቦታው የት ነው?» አሉ። ልጁ ገና እንዳልተገኘ ተናገረ።

«ከአያትህ ማሳ ዳር ያለችው ቁራሽ አለች» አሉ አዛውንቱ። «አትሸጥም፤ ለእናንተ ግን ትተላለፋለች። ሕጉ ለወፍጮ ይፈቅድ እንደሆነ ወረዳውን እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ግን ማንኛችሁ መጥታችሁ እንደምትሠሩባት ከነገራችሁኝ ነው።»

ልጁ ወዲያው አልመለሰም። ኢቃማው ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቶታል፤ ማሳደስና አለማሳደሱን ከዚያ በፊት መወሰን ይኖርበታል። ጓደኞቹ ምንጣፉን ጠቅልለው ተነሡ፤ አባቱ ግን መልሱን ለመስማት እንደተቀመጡ ቆዩ።